ሦስት ጊዜ መጥታ «ዘገየች» የተባለች እናት ምስጋና

ለተከበሩ የሕፃናት ክሊኒካችን ኃላፊ፣

ትንፋሽዎ ሳይቆራረጥ፣ ጉሮሮዎ ሳይታፈን ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከክሊኒኩ ፊት ለፊት የምሠራው ልብስ ሰፊ ነኝ። ልጄን ከተወለደች ጀምሮ ስድስት ዓመት በእርስዎ ብቻ ያሳከምኩ፣ «እጁ መድኃኒት ነው» እያልኩም ጎረቤቶቼን ሁሉ የላክሁልዎ ነኝና ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ ይገባኛል።

፩ኛ፦ ሰኞ ልጄ በትኩሳት ስትነድ ኢንፍሉዌንዛ መሆኑን ነግረው፣ እረፍትና ፈሳሽ አዘው ስለሸኙን አመሰግናለሁ። እውነትም ኢንፍሉዌንዛ ነበር።

፪ኛ፦ ትኩሳቱ ለቋት ሁለት ቀን ስትጫወት ሰንብታ ዓርብ ጠዋት ብሶ ተመለሰባት። ደረቷ ወደ ውስጥ እየተሰረጎደ፣ ጉሮሮዋ ዘይት እንዳጣ የስፌት መኪና ሲጢጥ እያለ ሳመጣት፣ ከወረቀትዎ ቀና ሳይሉ «ያው ጉንፋኑ ነው፤ አንቺ ደግሞ ሆድሽ ቡቡ ነው» ስላሉኝ አመሰግናለሁ። ነርሷ «ዶክተር፣ አተነፋፈሷ አላማረኝም፤ እዚሁ ትቆይ» ስትልዎ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለትዎንም አልረሳሁም።

፫ኛ፦ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከንፈሯ ጠቁሮ ተሸክሜያት እየሮጥኩ ክሊኒኩ ስደርስ ስብሰባዎን ስላላቋረጡ ጽናትዎን አደንቃለሁ። ያቺው ነርስ ታክሲ አስቁማ ትልቁ ሆስፒታል አደረሰችን። ኢንፍሉዌንዛው ባቆሰለው የአየር ቧንቧዋ ላይ ባክቴሪያ ተደርቦበት፣ ወፍራም መግል ሊደፍነው ጥቂት እንደቀረው እዚያ ነገሩኝ። ዘጠኝ ቀን በቱቦ ተነፈሰች። ስትነቃ ታለቅስ ነበር፤ ልቅሶዋ ግን ድምፅ አልነበረውም። ድምፅ የሌለው የልጅ ልቅሶ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

ልጄ ተርፋለች። ሐኪምም ሰው ነው፣ ይሳሳታል ብዬ ሁሉንም ልተወው ነበር። ሆኖም እርስዎ በኋላ ለሆስፒታሉ በላኩት ወረቀት ላይ «እናት ዘግይታ አመጣቻት» የሚለውን በፊርማዎ ሳነብ፣ ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚባለው በደንብ ገባኝ። መንገድ ላይ የከረመው ሹፌሩ ባለቤቴ ያንኑ አንብቦ ሦስት ቀን አላናገረኝም። አልፈርድበትም፤ እሱም እንደ እኔ እርስዎን ያምን ነበር።

ለክብርዎና ለብዕርዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ሁልጊዜም በሰዓቱ ስመጣልዎ የኖርኩት

ዘግይታ መጪዋ እናት

ተጨማሪ፦ ሦስቱም ቀናት የተመዘገቡበት የልጄ ካርድ ቅጂ ከነርሷ ምስክርነት ጋር ለበላይዎ ገብቷል። ሁለቱን ቀናት በገዛ እጅዎ፣ ያውም በሚነበብ ጽሑፍ ስለጻፉልኝ፣ ይህ አንዱ ምስጋናዬ እንኳ እውነተኛ ነው።