ለጋሽ ጩማ ሁሉም "እሱ" ነው

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

የዘጠነኛ ቢን ፈተና አርሜ ጨረስኩ። አርባ ሁለት ልጅ… ግማሹ "እናቴ መጣ" ብሎ ጽፏል። ቀይ እስክሪብቶዬ አለቀ።

ቤት ስደርስ ዘበኛችን ጋሽ ጩማ በሩን እየከፈተ፣ "ቲቸር፣ እሱ ዛሬ እንቁላል ጣለ" አለኝ። ማን? "ዶሮው።" ዶሮዋ ናት ጋሽ ጩማ፣ ጣለች በል። "እሺ፣ ጣለች።" ወዲያው ደግሞ፣ "ዶክተር ትርሐስ መጥቶ ነበር፣ ቲቸር የለም ስለው ሄደ።" ትርሐስ ሁለት ግቢ አልፋ የምትኖር ሐኪም ናት። እሷም ወንድ ሆና አረፈች! ስድስት ዓመት አረምኩት። የኔ ወላይትኛ ከሰላምታው ከ"ሳሮ" አያልፍም፣ እሱ ግን አንድ ቀን ስቆብኝ አያውቅም።

ባሌ አምባቸው የምሥራች ይዞ ገባ። ትግሉና ሚስቱ መሲ ዓርብ ይመጣሉ። ከናይሮቢ! ሐዋሳ ሠርግ ኖሯቸው በመኪና መጥተዋል፤ ቅዳሜና እሁድን እኛ ጋ አድርገው ሰኞ በሞያሌ ይመለሳሉ። መሲን ካየኋት ዘጠኝ ዓመት። ዩኒቨርሲቲ በተደራራቢ አልጋ እሷ ከላይ እኔ ከታች ነበርን። አንሶላ ማጠብ አለብኝ።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

መጡ። መሲ ከስታለች። በዚህ ፀሐይ አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማለች። ሳቅፋት ትከሻዋን ሰበቅ አደረገች። ብርድ ይሆን?

ትግሉ እንደ ድሮው ተጫዋች ነው። ለአምባቸው ሰዓት፣ ለኔ ካንጋ የሚሉትን ጨርቅ፣ ለጋሽ ጩማ ሳይቀር ኮፍያ አመጣ። "አባቴ" ብሎ ጉልበቱን ሳመው። ጋሽ ጩማ ኮፍያውን እንዳደረገ ዋለ።

ልጃቸው ሚስጥር ሰባት ዓመቷ ነው። ውኃ ልስጥሽ ብላት አባቷን አየች። እሱ ራሱን ሲነቀንቅላት ነው ብርጭቆውን የተቀበለችኝ። ጨዋ ልጅ አልኩ… ጨዋ?

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ከየት ልጀምር…

አምባቸው ከገበያ ጥሬ ሥጋ አመጣ። ዳጣ አቀረብኩ፣ ያንን እንባ የሚያስመጣውን የቃሪያ ማባያ። እየበላን መሲ፣ "ማሂ፣ አንድ ሳምንት ብንቆይ ደስ ይለኝ ነበር" አለች። ይኸው ነው። ሌላ ቃል አልወጣትም።

ትግሉ ሳቀ። ትልቅ ቁራጭ ዳጣ ውስጥ ነክሮ አጎረሳት። "አንድ ጉርሻ ያጣላል" ብሎ ሁለተኛ። አምባቸው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። የመጀመሪያው ገና አልተዋጠም ነበር። ሦስተኛ። አራተኛ። አሁን አገጯን ይዟል። "ብዪ እንጂ! መቆየት አማረሽ አይደል?" ዓይኗ ፈጠጠ፣ ትንፋሽ አጠራት… ተፋችው፣ ሸሚዙ ላይ። በቡጢ አፏን አላት። ከነወንበሯ ወደቀች። የዳጣውን ሳህን አነሣና አጠገቧ ተንበረከከ። ዓይኗን ለቀለቀው። በመዳፉ፣ ቀስ እያለ፣ የሕፃን ፊት እንደሚያጥብ ሰው።

እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም።

ሚስጥር አልጮኸችም። ተነሥታ ፎጣ ፈለገች፣ ውኃ ነክራ ለእናቷ አመጣች። ለምዳዋለች። ከሁሉ ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

አምባቸው ከኋላ አንቆ ጎተተው። ትግሉ እጁን ታጠበና ተመልሶ ቁጭ አለ። "ይቅርታ፣ ምሳችሁን አበላሸሁባችሁ" አለ። ቢላውን አንሥቶ ለራሱ ቆረጠ። በላ!

ከሰዓት ማድ ቤት ዓይኗን በወተት ሳጥብ ሻርፑን ፈታሁት። የአምስት ጣት ምልክት።

"ማሂ፣ ፓስፖርታችንን መኪናው ውስጥ ቆልፎበታል። ናይሮቢ ስንሆን ቤቱ ከውጭ ነው የሚቆለፈው። ሰኞ ድንበሩን ካለፍኩ ሬሳዬን ነው የምትሰሚው።"

ፖሊስ ልጥራ?

"ጥሪ። ሽማግሌ ይጠሩልናል፣ ታረቁ ይሉናል፣ ሰኞ አብሬው እሄዳለሁ።"

አምባቸው "በሰው ትዳር መሃል…" ብሎ ጀመረ። አየሁት። አልጨረሰውም።

ትርሐስ ጋ ደወልኩ። ነገ ሦስት ሰዓት። አምባቸው "መኪናህን እናሳጥብ" ብሎ ይዞት ይወጣል፤ ትርሐስ እናትና ልጅን ቤሌ ከተማ የምታውቃቸው ሰዎች ቤት ታደርሳለች። እሷን ትግሉ አያውቃትም። ይሁንልን…

ኅዳር 8፣ እሁድ

ግራ ጆሮዬ አሁንም ይጮኻል።

ሁሉም እንዳልነው ሆኖ ነበር። ትርሐስ መጣች፣ መሲንና ሚስጥርን ይዛ ወጣች። እኔ ዕቃ ማጠብ ጀመርኩ። ለጋሽ ጩማ "ምንም እንዳትናገር" ማለቱን ረሳሁት። እንዴት ይረሳል?

ትግሉ ጠርጥሯል መሰለኝ፣ መኪናው ሳይታጠብ ተመለሰ። በር ላይ ሲጠይቅ በመስኮት ሰማሁ።

"ሚስቴ የታለች?"

"ሄደ" አለ ጋሽ ጩማ። "ከዶክተር ጋር ሄደ።"

"ከማን?"

"ዶክተር ነዋ! ጥሩ ሰው ነው። ሚስትህን በጣም ይወዳል። ቦርሳ ያዘለት፣ አቅፎት ሄደ።"

"እሱ? አቅፎ?"

"አዎ፣ እሱ።"

እየሮጥኩ ወጣሁ። ትግሉ ከመኪናው ኋላ የጎማ መፍቻ አውጥቷል። ጋሽ ጩማን አፉ ላይ መታው። ያ ኮፍያ ደም ውስጥ ወደቀ። ሲወድቅ ደገመው። አምባቸው መሃል ገባ፣ ክንዱን አነሣ፣ ብረቱ ሲያርፍበት አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ሸሚዙን ይዤ ተንጠለጠልኩ፣ በክርኑ ጆሮዬን አላኝ። ስነቃ መኪናው የለም።

ሆስፒታል አምባቸውን ወደ ራጅ አስገቡት። ጋሽ ጩማ አግዳሚ ወንበር ላይ ደም እየተፋ ተቀምጧል። እና እኔ… ጮኽኩበት። ሰው ሁሉ እያየ። "ስንት ጊዜ ነገርኩህ! እሷ ማለት ምን ይከብዳል? ሄደች ማለት ምን ይከብዳል? በአንተ አፍ መሲን ገደልካት!"

ሦስት ጥርሱ የለም። "አትቆጣ ቲቸር" አለኝ። "አትቆጣ።"

ኅዳር 9፣ ሰኞ

መሲ ቤሌ ናት! ከነልጇ!

ትርሐስ ተመልሳ ነገረችኝ። ትግሉ ከኛ በር ተነሥቶ ሲበር፣ እሷ ደጇ ላይ ሻንጣ እየጫነች ነበር። መሲና ሚስጥር ከበሩ ጀርባ፣ ሦስት እርምጃ ላይ። መኪናውን አቁሞ፣ "እህቴ፣ አንድ ዶክተር ሴትና ልጅ ይዞ ሲያልፍ አላየሽም?" አላት። ዶክተሯን እራሷን! በነጠላ ጫማና በቀሚስ የቆመችውን። ሻንጣውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ከዚያ፣ "ረጅም ሰውዬ ነው? ነጭ መኪና ያለው? ወደ አረካ ሄዱ" አለችው። "እግዜር ይስጥሽ" ብሎ ነዳው።

ወንድ ነበር የሚፈልገው። ጋሽ ጩማ "ከዶክተሯ ጋር ሄደች" ብሎት ቢሆን ኖሮ…

እና እኔ ምን አልኩት? በአንተ አፍ ገደልካት።

አረካ ደግሞ ሌላ ጉድ። ዶክተር የት አለ እያለ ሲጠይቅ ሰው አሳየው። የስኳር ድንች ዶክተር! ተመራማሪ። ሰውዬው ረጅም ነው፣ መኪናውም ነጭ። ጎትቶ አውርዶ መንጋጋውን ሰበረው። ሰውዬው ዕድሜ ልኩን ከስኳር ድንች በቀር የማንንም ሚስት ነክቶ አያውቅም። ባጃጅ ነጂዎች ተረባርበው ትግሉን መሬት ላይ ደበደቡት፣ ፖሊስ ከእጃቸው ነጠቀው። ታስሯል።

ትርሐስ አለቀሰች። "ረጅም ያልኩት እኔ ነኝ፣ ነጭ ያልኩት እኔ ነኝ" ትላለች።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ኅዳር ሲታጠን ነው፣ ሰፈሩ በጭስ ታፍኗል። ጋሽ ጩማ አፉን በሻሽ አስሮ ሥራ ገባ። እረፍ ብዬው እምቢ አለ። ይቅርታ ልለው ወጣሁ። አጎንብሶ ቆሻሻውን ያቃጥላል። ተመልሼ ገባሁ። ፈሪ።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

ዛሬ ሻሹን ፈታ። ስገባ፣ "ቲቸር፣ አቶ አምባቸው መጣች" አለኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። ማን መጣች?

"አቶ አምባቸው። እጇን ታማለች፣ ተኛች። የውኃው ሰውዬም መጣች፣ ሄደች።"

ጋሽ ጩማ፣ አምባቸው ወንድ ነው እኮ።

"አውቃለሁ" አለ፣ ዓይኔን ሳያይ። "ሴት ብል ይሻላል። ወንድ ስል ሰው ይመታል።"

ክፍል ገብቼ ቁጭ አልኩ። ብረቱ ጥርሱን ነው የወሰደው። ቀሪውን የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ኅዳር 26፣ ሐሙስ

መሲ ከወንድሟ ቤት ደወለች። ዓይኗ እየዳነ ነው። ፓስፖርቶቹን ከፖሊስ ተቀብላለች። ትግሉ ዋስትና ተከልክሏል፤ ምስክር እሆናለሁ፣ ቃሌን ሰጥቻለሁ። "ሚስጥር ዛሬ ምን አደረገች መሰለሽ?" አለችኝ። "ተነሥታ ውኃ ቀዳች። ማንንም ሳታይ ጠጣች።" ሁለታችንም ስልኩን ይዘን አለቀስን።

ከዚያ ወጣሁ። በር ላይ ጋሽ ጩማ አጠገብ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኩት። ሰውዬው ወንድ እየፈለገ በሴቷ ዶክተር ፊት እንዳለፈ። ከበሩ ጀርባ መሲ ትንፋሿን ውጣ እንደቆመች። "ያ ያረምኩህ ቃል ነው ያተረፋት። እዚያ ሆስፒታል ያልኩህ ውሸት ነው። ይቅር በለኝ።"

ዶሮዋ በመካከላችን አለፈች። ከዚያ በወለቁት ጥርሶቹ በኩል ፈገግ አለ።

"እና… መሲ ደህና…" ብሎ ቆመ። አፌን አየኝ። ሊጨርሰው ያልቻለውን ቃል ይዞ፣ ተማሪዎቼ ቀይ እስክሪብቶዬን እንደሚያዩት፣ አፌን አየኝ።

"ደህና ነው" አልኩት። "ደህና ነው፣ ጋሽ ጩማ።"