ባሕሩን የምታይበት ስፍራ

ከታጁራ ወደብ የተላከ፣ እንደ እናት ላሳደግሽኝ እኅቴ ይድረስ።

ክረምቱን እንደምን ከረምሽ? የአንኮበር ጉም ደረትሽን እንደ አምናው አላስቸገረሽም? ላሚቱስ ወለደች? እኔ በፈጣሪ ቸርነት አለሁ። ሙቀቱን ለምጄዋለሁ፤ አሁንማ ብዙ ነገር አይሰማኝም።

የላክሽው ቃል በነጋዴው በዓወል አፍ ደርሶኛል። ከጥምቀት በኋላ ከኢየሩሳሌም ተሳላሚዎች ጋር ወደዚህ ልትወርጂ ቆርጠሻል አሉ። ልጄ ገብረአማኑኤል ባሕሩ ተስማምቶት አልመለስ ብሏልና እጄን ይዞ የሚያምረውን ስፍራ ሁሉ ያሳየኛል ብለሻል። ነጋዴዎቹ በመጡ ቁጥር ደኅና ነው፣ ባሕር ዳር ነው እያሉ የነገሩሽ ክፋት አስበው አይደለም። መንገደኛ ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ ሌላ ምን ይበል? አንቺም ብትሆኚ እንደዚያው ነበር የምትዪው። ዓወልን አልተቆጣሁትም። እንግዲህ መምጣትሽ ካልቀረ የት የት እንደምትሄጂ እኔው ልንገርሽ።

ባሕሩን መጀመሪያ በቀትር አትዪው። ያን ጊዜ ነጭ ሆኖ ዓይን ያጠፋል። ግመሎቹ እስኪራገፉ አረፍ በዪና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ውጪ፤ ተራራው እግሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ ታገኚዋለሽ። እኔ በመጣን ዕለት ቆሜ ቀረሁ። ገብረአማኑኤል ግን ሮጦ ገባና ቀመሰው። ከዚያ እየሳቀ፣ አጎቴ፣ እኛ አገር በአሞሌ ጨው በግ ይገዛል፣ እዚህ ሀብቱ ሜዳ ላይ ፈሶ የሚያፍሰው አጥቷል አለኝ። አንቺም ቅመሺው፤ የደጋ ሰው ሁሉ ይቀምሰዋል።

ከመስጊዱ ጀርባ የተምር ዛፎች አሉ። ከጥላቸው ሥር ዙቤዳ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ዓሣ ትጠብሳለች። የእስላም ሥጋ ባንበላም ዓሣ ባራኪ አይሻምና ሳትሳቀቂ ብዪ። ልጅሽን ልጄ ነበር የምትለው። ትኩሳቱ በያዘው ሰሞን ከአጠገቡ ሳትነሳ ውኃ ያጠጣችው እሷ ናት። እጇን ሳሚልኝ።

ጠዋት ውኃው ሲሸሽ በአሸዋው ላይ ሂጂ። ጫማሽን አውልቂ፤ እርጥቡ አሸዋ ለእግር ደስ ይላል። ዛጎሉ ብዙ ነው፤ አንቺ ግን አትልቀሚ። ገብረአማኑኤል ለእኅቴ ለበሰለች አንገት ይሆናል ብሎ የለቀመው እኔ ዘንድ ተቋጥሮ ተቀምጧል።

ከሁሉ የሚያምረው ከከተማው በስተምሥራቅ ያለው ጉብታ ነው። ብቻሽን አትውጪ፤ እኔ እወስድሻለሁ። ነፋሱ ትንሽ የአንኮበርን ይመስላል። አንዲት ግራር አለች፤ ከሥሯ ድንጋዩን የከመርነው እኔና ዓወል ነን። ራስጌውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ እናንተ አደረግነው፤ ፊቱ ወደ ባሕሩ ነው። ከሚመጡት ተሳላሚዎች መካከል ካህን ይኑር፤ እዚህ የለም። እኔ የማውቀው አቡነ ዘበሰማያት ብቻ ነውና እሱን ደገምሁ። ዓወል ሲያለቅስ እኔ ዳር ቆሜ መርከብ ሲያልፍ አይ ነበር። እንባ እስከ ዛሬም አልመጣልኝም። ምን እንደሆንሁ አላውቅም።

ይህን ወረቀት በእጅሽ እንዳይሰጥሽ ለዓወል ነግሬዋለሁ። ለነፍስ አባትሽ ለአባ ገብረመንፈስቅዱስ ይሰጣቸዋል፤ እሳቸው ያነቡልሻል። በሰለች አጠገብሽ ትቀመጥ። ጎረቤቱ ሁሉ ገና ጎሕ ሲቀድ ቤትሽን ሞልቶ ቢሆን፣ በማለዳ ምን እግር ጣላችሁ ብለሽ አትጠይቂያቸው። የጠራኋቸው እኔ ነኝ።

መድኃኔ ዓለም ጉልበትሽን ያጽና፣ በሰለችን ያሳድግልሽ።

ልጅሽን አደራ የሰጠሽው
ታናሽ ወንድምሽ