አርባ ስድስት ከረጢት ደለል

ግንቦት 6

ምስር ገባ። ጠጠር የበዛበትን ሁለት ጆንያ መለስኩ። ባለመኪናው፣ “እትዬ፣ እርስዎ እኮ በዓይንዎ ነው የሚያበጥሩት” አለኝ። ሽንገላ ነው... ግን እውነትም ነው።

ልጄ ጠዋት ለቃለ መጠይቅ ዩኒቨርሲቲው ወዳለበት ከተማ ሄደች። ሁለተኛ ዲግሪ፣ ጂኦኬሚስትሪ። የወንዝ ደለል ውስጥ ምን ማዕድን እንዳለ፣ ከየት እንደመጣ ታጠናለች። ፕሮፌሰሩ የሚቀበለው አንድ ተማሪ ብቻ ነው፤ ያውም የራሱን ናሙና ይዞ የሚመጣ። በጋውን ሙሉ ወንዝ ለወንዝ ዞራ አርባ ስድስት ከረጢት ሰብስባለች። መጋዘኔ ጥግ አስቀመጠችው።

“እማዬ አደራ፣ አይጥና ውሃ እንዳይነካው።”

“ሃያ ዓመት እህል የጠበቅኩ ሴትዮ ጭቃ ያቅተኛል?”

ስቃ ሄደች።

ግንቦት 9

ሽንብራ ሊገባ ነው፣ ቦታ የለም። የልጄ ከረጢቶች ደግሞ አንዳንዶቹ ከታች ተቀደዋል። ከፍቼ አየኋቸው። ጥቁር፣ ቀይ፣ አመድማ... በቃ። ለሦስት ዓይነት ዕቃ አርባ ስድስት ከረጢት?

ጥቁሩን ከጥቁር፣ ቀዩን ከቀይ ገለበጥኩ። ሦስት አዲስ ጆንያ። አፋቸውን ሰፋሁ። በየከረጢቱ የነበሩትን ባለቁጥር ወረቀቶች በፌስታል አስቀመጥኩላት። ደስ ይላታል።

ግንቦት 10

ጎረቤቴ ቅመም ሻጯ ጆንያዎቹን አይታ፣ “ደግሞ ምን ልትሸጪ ነው?”

“የልጄን ዲግሪ።”

ተሳሳቅን።

ግንቦት 12

መጣች። አልፋለች! ናሙናውን ይዛ ትግባ ተብላለች። ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ወደ መጋዘን።

“ከረጢቶቹስ?”

“አሰናዳሁልሽ። ቁጥሮቹም አሉ፣ አንድ አልጠፋም።”

ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያገላበጠች ቆየች።

“እማዬ... ቁጥሩ እኮ የቱ ከየት እንደተቀዳ ነው የሚናገረው። ጥቁር ሁሉ አንድ አይደለም።”

“መልሰን ብንለየውስ?”

“በምን?”

በዓይኔ የማበጥረው እኔ፣ የጥቁሩን ጆንያ ስፌት ፈትቼ አንድ እፍኝ ዘገንኩ፤ ሁሉም አንድ ነው።

ግንቦት 14

መኪና ልያዝ፣ አብረን ሄደን እንቅዳ አልኳት። ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሞናል። ወንዞቹ ሞልተዋል፤ የበጋው ደለል ተጠርጎ ሄዷል አለች።

“ለፕሮፌሰሩ እኔ ልደውል? ጥፋቱ የኔ ነው ልበለው?”

“ነግሬዋለሁ። ገበያ አይደለም እማዬ፣ ተከራክረሽ አትመልሺውም።”

ግንቦት 25

ቦታው ለሌላ ተማሪ ተሰጠ። ስልኳን አስቀምጣ ሳህን አጠበች።

ከረጢቶቹን የገለበጥኩ ቀን ስልክ በእጄ ነበር። “ልገልብጠው ወይ?” ማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ከየት መጣ ብዬ ሳልጠይቅ አንድ ጆንያ ምስር ገዝቼ አላውቅም። የልጄን ግን...

ሰኔ 30

ምንም አዲስ ነገር የለም።

ታኅሣሥ 3

ሱቁን ዘግቼ ከልጄ ጋር ወንዝ ወረድኩ። አሁን ትምህርት ቤት ታስተምራለች፤ በዕረፍቷ ቀን እንደ አዲስ ጀምራለች። ፕሮፌሰሩ ለከርሞ ቃል አልገባላትም። “ቢሆንም ልያዘው” ነው የምትለው።

ውሃው ቀዝቃዛ ነው። እኔ ከረጢት እይዛለሁ፣ እሷ ትቀዳለች፣ ቁጥሩንም ራሷ ትጽፋለች። እስክሪብቶውን አላስነካችኝም። ሰባት ከረጢት ሞላን።

ስንመለስ የመጋዘኑን ቁልፍ አወጣሁ። ሦስቱ ጆንያ እስካሁን እዚያው ናቸው፤ መጣል አልሆነልኝም።

“እማዬ... ይሄኛው ጎረቤታችን ቅመም ሻጯ ጋ ይቀመጥ?” አለች፣ ዓይኔን ሳታይ።

“ይቀመጥ” አልኩ። ተሸክሜ አደረስኩላት።

አልተቀየምኳትም። እኔስ ብሆን፣ ዕቃዬን አንዴ ካበላሸብኝ ሰው ዘንድ መልሼ አስቀምጣለሁ?