የተቀባይ ስም

አሰላ፣ ረቡዕ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
ከጭላሎ የወረደው ብርድ ጠዋት ሣሩን አመድ አስመስሎት ነበር፤ አሁን ግን ፀሐይዋ ደህና ናት። የጽሕፈት ሱቃችን ውስጥ ያለነው እኔና ከዲጃ ብቻ ነን። ከዲጃ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ግማሹን ክፍል ተከራይታ ልብስ የምትሰፋ ልጅ ናት፤ ምላሷ ከመኪናዋ ይፈጥናል።

ውድ ፈናን፣

እንደምን አለሽ? ወንድምሽስ፣ የእህል መደብሩስ? እኔ ደህና ነኝ። ለደብዳቤ ወግ ብዬ አይደለም፣ የምሬን ነው። ኮምፒውተር በኢንተርኔት አዝዤ እየጠበቅኩ ነው።

አሮጌው፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ የተቃጠለ ዕለት፣ ኪቦርዱን በነጠላሽ ጫፍ ጠርገሽ ጨርቅ አለበስሽው። ሬሳ የምትገንዢ ነበር የሚመስለው። ከዚያ «እንግዲህ እጄ ሥራ ፈታ» ብለሽ አርቦዬ፣ ወንድምሽ ዘንድ ገባሽ። «አትሂጂ» ልልሽ ፈልጌ ነበር። ግን ምን ላይ ላስቀምጥሽ? ሻንጣሽን ይዤ እስከ መናኸሪያ ሸኘሁሽና መንገዱን ሁሉ ስለ ዝናብ አወራሁሽ።

ሻጮቹ በስልኬ መልእክት ይልካሉ። «ዕቃዎ መንገድ ላይ ነው» ይላል።

«የት ደረሰ እትዬ ብርቄ?» ትለኛለች ከዲጃ በየጠዋቱ።

«መንገድ ላይ ነው።»

«ውይ! ‹መንገድ ላይ ነኝ› ያለ ሰውማ ገና ጫማውን እየፈለገ ነው!»

ትሳቅ እንጂ እኔ መጠበቁን ወድጄዋለሁ። ፊደል የለየሁት ስኳር በሚጠቀለልበት የጋዜጣ ቁራጭ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ወሬው ሁልጊዜ መሀል ላይ ይቀደዳል፤ ቀሪው ከሌላ ሰው ስኳር ጋር ጎረቤት ሄዷል። መጨረሻውን ሳላውቅ መዋል ልጅ ሆኜ ነው የለመድኩት።

ለሥራችን የበጀን ያው ንባብ ነው። ባለጉዳይ ሞነጫጭሮ ያመጣውን ማመልከቻ እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ አንቺ ኪቦርዱ ላይ ትመቺዋለሽ። «ይኼማ ዘፈን ነው» አልሽ አንድ ቀን። «አንቺ አውጪ፣ እኔ ተቀባይ።» ሰው ፊት ድምፄ የማይሰማ ሴት፣ አውጪ መባሌ እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነገርኩሽም። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን ሳነሣ «ተቀበይኝ» እልሻለሁ፤ አንቺም ጣቶችሽን ታፍታቺያለሽ።

ታዲያ ኮምፒውተሩን ሳዝዝ «የተቀባይ ስም» የሚል ቦታ መጣ። እጄ ያንቺን ጻፈ።

ዛሬ ከዕቃ ማድረሻው ተደወለልኝ። ሚልኬሳ የሚባል ልጅ ነው።

«ፈናን ነሽ?»

«አይ፣ ብርቄ ነኝ።»

«ዕቃው የፈናን ነው እኮ።»

«ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ ወንድሜ።»

«ተቀባይ የሚለው ላይ ማን ጻፋት?»

«እኔ።»

«ቶሌ፣ እሺ» አለ፣ «ወይ ፈናን መታወቂያዋን ይዛ ትምጣ፣ ወይ አንቺ ስም እንዲቀየር ማመልከቻ አምጪ።»

ከዲጃ መቀሷን ጥላ ትስቃለች። «ሰው የገዛ ስሙን ይረሳል?»

«አልረሳሁም። ተቀባይ ይላል፤ ተቀባይ ደግሞ ፈናን ናት።»

«በይ ጻፊያ ማመልከቻውን! ለአገር ሁሉ ስትጽፊ ኖረሽ ለራስሽ አቃተሽ?»

ወረቀት አወጣሁ። «ጉዳዩ፦ ስም እንዲቀየርልኝ ስለመጠየቅ» ማለት ነበረብኝ። ብዕሩ ግን «ውድ ፈናን» አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን እያነበብሽው ነው።

በስልክ ቢሆን ድምፄ ይጠፋብኝና ስለ ዝናብ አወራሽ ነበር። በጽሑፍ ግን እችላለሁ፦ እንድትመጪ እፈልጋለሁ፤ ለመታወቂያሽ ብቻ አይደለም። ፈርመሽ ልመለስ ብትዪ አልቀየምም። የእህሉን ሥራ ከወደድሽውም ንገሪኝ፤ ማመልከቻውን ያኔ እጽፋለሁ፣ አንደኛ አድርጌ። ከመስማቴ በፊት ግን አልጽፍም።

ሐሙስ ጠዋት

ውርጭ ነው። ተነሣሁ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ሱቁን ከፈትኩ። ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ፣ ቀጥሎ በደረቅ ወለወልኩ። ከዲጃ ወንበርሽ ላይ የከመረችውን ብትን ጨርቅ አነሣሁና ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋሁት። አሮጌውን ኮምፒውተር ገልጬ ወደ ጓዳ አዛወርኩ፤ ያለበስሽውን ጨርቅ አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ። መናኸሪያ መጣሁ። ይህን የምጨምረው ደብዳቤውን በሚያደርስልኝ የአርቦዬው ሚኒባስ በር ላይ ቆሜ ነው። ሹፌሩ «መንገድ ላይ ነን በያት» ይለኛል፤ ገና አንድ ሰው ይቀረዋል።

አንዱ ሰው መጣ። ሞተሩ ተነሣ።

ተቀበይኝ።

አውጪሽ፣
ብርቄ