ሴንዛ ኦልዮ

ሐሙስ፣ ሰኔ 2 ቀን 1947፤ ጠዋት 1 ሰ.

ካርቡራቶሩ ዛሬም አልከፈት አለ። ትናንት ላምባ ውስጥ ዘፍዝፌው ነበር። ምንም። የብሎኑ ራስ ተበልቷል፤ ካቻቪቴው ይዞራል፣ እሱ አይዞርም። ጣሊያን ሲያጠብቅ ለልጅ ልጁ ነው የሚያጠብቀው።

ደብተሬ፣ ሌላ የሚሰማኝ ስለሌለ ላንተው ልንገርህ። ሞተርሳይክሎቹ ሦስት ናቸው። ጣሊያን ከአሰብ ሲወጣ ከወደቡ ጀርባ ባለው የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ትቷቸው ሄደ። እንግሊዝ መጣ፣ አልነካቸውም። አሁን ለእኛ መ/ቤት ደረሱ። አሥራ አራት ዓመት ቆመዋል። እኔ እዚህ ሦስት ዓመት ብቆም ዛግሁ፣ በእነሱ ምን ይፈረዳል።

አለቃዬ አቶ ክፍሌ (ከእንግዲህ አቶ ክ.፣ ቀለም ይቆጥባል) ቃል ሰጥተውኛል። ወደ በይሉልና ወደ ጥዖ ደብዳቤ የሚያመላልስ ሞተርሳይክል ይፈልጋሉ። ትልቁ ሹም ሰኔ 20 በመርከብ ይመጣሉ። ያን ቀን አንዷ እንኳ ተነስታ ከታየች አቶ ክ. ወደ ደሴ የምዛወርበትን ደብዳቤ ይፈርሙልኛል። ካልተነሳች እዚሁ እቀቀላለሁ።

ደሴ ባለቤቴ ደብሪቱ አለች። አምና በሐምሌ ሙቀት የስምንት ወር ልጃችንን እዚህ ቀበርን። ልጄን የበላ አገር ሁለተኛ አልረግጥም ብላ ወደ አባቷ ሄደች። አልፈርድባትም። ደብዳቤ በጭነት መኪና ሹፌሮች እጅ ትልክልኛለች። የመጨረሻው አራት መስመር ብቻ ነው። እስከ ፍልሰታ ካልመጣሁ አባቷ ሽማግሌ ሰብስበው ሊያፋቱን ነው። እሷም እምቢ አልልም ትላለች።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 4፤ ቀትር

ተከፈተ! በእኔ ብልሃት አይደለም፤ በአባ ሐመዱ ነው። የፈላ የበግ ላት አምጥተው ብሎኑ ላይ አፈሰሱበት። ትንሽ ጠብቀው ሞክር አሉኝ። ዞረ። የሁለት ቀን ላምባዬ ከንቱ ቀረ።

አባ ሐመዱ የመጋዘኑ ዘበኛ ናቸው፣ የበይሉል አፋር። ጣሊያን ቀጠራቸው፣ እንግሊዝ ወረሳቸው፣ እኛ ተረከብናቸው፤ ከዕቃው ጋር አብረው የተቆጠሩ ይመስል። በየዓርቡ ከስግደት በፊት ላት አቅልጠው ሦስቱንም ሞተርሳይክሎች ይቀባሉ። አሥራ አራት ዓመት። ያዘዛቸው የለም። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው የባሕር ጨው ብረት ይበላል አሉኝ፤ ሌላ ምክንያት ያስፈልጋል ወይ በሚል ዓይን እያዩኝ። በዚህ አገር የብረት በር በሁለት ዓመት ወንፊት ይሆናል። እነዚህ ግን ቀለማቸው እንኳ አልተላጠም።

ከየመሪው ላይ ትንሽ የቆርቆሮ ምልክት በሽቦ ታስሯል። ሁለት ቃል ተቀርጾበታል፣ በጣሊያንኛ። ሁለተኛውን አውቀዋለሁ፦ ኦልዮ። ዘይት ማለት ነው። የመጀመሪያውን አላውቀውም። የዘይቱ ስም ይሆናል። ደሴ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ የተማርኩት የዕቃ ስም ብቻ ነው፦ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ። ጌታዬ ያንን አምጣ ይለኝ ነበር እንጂ ወግ አያወራኝም።

ስለዚህ ዘይት ሞልተውላቸው ሄደዋል። ጣሊያን አንድ ቀን ደግ ነገር ሠራልን። ክዳኑን ከፍቼ ጣቴን ሰደድኩ፣ በቅባት ተለወሰ። እሰይ። ዘይት ከግምጃ ቤት ለማውጣት አቶ ክ. በሦስት ቅጂ ያስፈርማሉ፤ ከዚያ ጣጣ ተገላገልኩ።

ሰኞ፣ ሰኔ 6፤ ከሰዓት 10 ሰ.

እሳት የለም። ካንዴላው ጥርሱን አያፋጭም፣ አንዲት ብልጭታ እንኳ። ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ማኜቶ እርጥበት ጠጥቷል። ፀሐይ ላይ ባሰጣው አየሩ ራሱ ውሃ ነው፣ ባሰበት።

ከቀትር በኋላ ተስፋ ቆርጬ መጋዘኑ ደጃፍ ተቀመጥኩ። ነፋሱ ከምድጃ የወጣ ይመስላል። ደብሪቱ ይህን ነፋስ ትጠላው ነበር። ሕፃኑን በእርጥብ ነጠላ ጠቅልላ ከጥግ ወደ ጥግ ትዞር ነበር፣ ነፋስ የማይገባበት ጥግ ፍለጋ። አልነበረም። እኔ ያን ጊዜ ጋራዥ ነበርኩ፣ የሰው መኪና እጠግን ነበር።

ማኜቶውን ለየመናዊው ዳቦ ጋጋሪ ወሰድኩለት። እሳቱ ከወጣ በኋላ ፎርኖው ውስጥ አስገባልኝ። የዛሬ ዳቦዬ ጠንከር ያለ ነው ብሎ ለደንበኞቹ ቀለደ። አልሳቅሁም። ነገ እናያለን።

ረቡዕ፣ ሰኔ 8፤ ጠዋት 3 ሰ.

ተነሳች! ተነሳች! ተነሳች!

ሰባተኛው ርግጫ ላይ። ጭሱ የጥብስ ሽታ አለው፣ የላቱ ነው። አባ ሐመዱ አልሐምዱሊላህ አሉና ጀርባዋን እንደ ግመል ቸብ ቸብ አደረጉላት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። የእኔም። አሥራ አራት ዓመት የተኛች ልብ ስትመታ መስማት ቀላል ነገር አይደለም።

አሁኑኑ ወደ ወደቡ ልነዳት ነው። ለደብሪቱ ዛሬውኑ እጽፋለሁ።

ያው ቀን፤ ከሰዓት 9 ሰ.

አለቀልኝ።

እስከ ወደቡ በር በደህና ሄድኩ። ጫኝ አውራጆቹ አጨበጨቡልኝ። ስመለስ፣ ጨው ማስጫው አጠገብ፣ ሞተሩ ጮኸ። እንደ ሰው ነው የጮኸው። የኋላ ጎማው ባለበት ደርቆ ቀረ፣ እኔ ጨዉ ላይ ተንከባለልኩ። ክርኔ ተልጧል፤ ይህ ምንም አይደለም። ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቋል። ብረት ከብረት በልቶ።

ለደብሪቱ አልጻፍኩም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 9፤ ጠዋት 4 ሰ.

ፈታኋት። ውስጧ ደረቅ ነው። ዘይት ጠብታ የለባትም። ያን ዕለት ጣቴን የነካው ከግድግዳው ላይ የቀረ አሮጌ ቅባት ነበር። ጣቴን አመንኩ። ቆርቆሮውን አመንኩ። እንጨት ነክሮ መለካት የጋራዥ የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ነው፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ እኔ ግን የምለቅመውም የለኝ።

በንዴት ምልክቷን በጥሼ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሴንዛ ኦልዮ! ኦልዮው የታለ ታዲያ? አልኩ።

አባ ሐመዱ ከበሩ ሆነው ቀና አሉ። ምን አልክ? ድገመው፣ አሉኝ። ደገምኩት። እስኪ አስበው ደብተሬ፣ እንዴት ቀስ ብለው እንደነገሩኝ፦ «ሴንዛ ማለት የሌለው ነው፣ ልጄ። ሴንዛ ኦልዮ፣ ዘይት የለውም ነው። ጣሊያኖቹ ለእኔም ሴንዛ ስካርፔ ይሉኝ ነበር። ጫማ የሌለው።»

እኔ ፊደሉን አነባለሁ፣ ቃሉን አላውቅም። እሳቸው ቃሉን ያውቃሉ፣ ፊደሉን አያነቡም። አምስት ቀን አንድ መጋዘን ውስጥ አብረን ዋልን። አንድ ጊዜ ጮክ ብዬ ባነበው ኖሮ። አላነበብኩትም። ዘበኛ ስለ ሞተር ምን ይጠየቃል ብዬ ነው፤ እውነቱ ይኸው ነው፣ ላንተ ካልዋሸሁ።

ዓርብ፣ ሰኔ 10፤ ከሰዓት 11 ሰ.

አቶ ክ. መጡ። የተፈታውን አዩ። ፒስቶኑን በጣታቸው ነካ አድርገው አሸተቱ። ላት ሸተታቸው። ይህ ምንድን ነው አሉ። አባ ሐመዱ የዓርባቸውን ጣሳ ይዘው እዚያው ቆመዋል። አቶ ክ. ወዲያው ነገሩ ገባኝ አሉ፤ ሽማግሌው የመንግሥት ንብረት ላይ ስብ ሲያፈስ ኖሮ ሞተሩን አፍኖታል። ወደ እኔም ዞሩ። አይደለም እንዴ? አሉኝ።

እንዲህ ጻፈው ደብተሬ። ዝም አልኩ።

ከፍልሰታ በፊት ስንት ቀን እንደቀረኝ እየቆጠርኩ ዝም አልኩ። አቶ ክ. ሽማግሌውን ከሥራ አሰናበቱ። አባ ሐመዱ አዩኝ። ሴንዛ የሚለውን ቃል በአፋቸው የነገሩኝ ሰውዬ፣ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ለእኔ ሰጡኝ፤ ለአቶ ክ. አይደለም፣ ለእኔ። አሰላሙ አለይኩም ብለው ወጡ። ግመል ወደ በይሉል የሚነዳ ዘመድ አግኝተው አብረው ሄዱ አሉ።

ሦስቱ ሞተርሳይክሎች ዛሬ ሳይቀቡ ዋሉ።

እሑድ፣ ሰኔ 12

ሰኔ ሚካኤል። ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፣ ከውጭ ቆሜ ተመለስኩ። ምን ብዬ ልለምን? ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ በሁለት ቀን ነቀዘ። ከሕፃኑ መቃብር ላይ ነፋሱ ያመጣውን አሸዋ ጠረግሁ። ወደ ደሴ ስሄድ ማን ይጠርግለታል? እስከ ዛሬ አላሰብኩትም ነበር።

ሐሙስ፣ ሰኔ 16፤ ጠዋት 5 ሰ.

ሁለተኛዋ ተነሳች። ማኜቶው ከመጀመሪያዋ የተወሰደ ነው። ዘይት በሦስት ቅጂ አስፈርሜ፣ በእንጨት ለክቼ ሞላሁ። ሲሊንደሯ ውስጥ አንዲት የዝገት ነጥብ አልነበረችም። ስብ ያፈነው ሞተር እንዲህ ነው እንግዲህ። ወደ ወደቡ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ። ደስታ የለኝም። ጀርባዋን ቸብ የሚያደርግላትም የለ።

ሰኞ፣ ሰኔ 20፤ ከሰዓት 10 ሰ.

ሆነ። ትልቁ ሹም ከመርከብ ወረዱ፣ እኔ በፊታቸው ነዳሁ፣ አጨበጨቡ። አቶ ክ. ቃላቸውን አከበሩ። ደብዳቤው ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመቶበት ኪሴ ውስጥ ነው። ነገ ጠዋት ወደ ደሴ የሚሄድ የጭነት መኪና አለ። ሹፌሩ ፍራሽህን ጠቅልለህ ጠብቀኝ ብሎኛል። ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ማንም መቼም አይጠይቀኝም።

ጠቀለልኩት። ገመድ አሰርኩበት።

በኋላ አንድ የበይሉል ዓሣ አጥማጅ መጋዘኑ ድረስ መጣ። ጣሳ ይዟል፣ አፉ በጨርቅ የታሰረ። ከአባ ሐመዱ ነው አለ። መልእክቱንም ነገረኝ፦ ባለፈው ዓርብ አልተቀቡም፣ ሦስተኛዋ ገና አልተነሳችም፣ ጨው እንዳይበላት ይህን ቀባልኝ ብለዋል። ስለ ሥራቸው ምንም አላሉም ወይ? አልኩት። ምንም።

የቀለጠ ላት ነው። ገና ትኩስ ይመስል እጄን አቃጠለኝ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 21፤ ጠዋት 12 ሰ. ተኩል

ሹፌሩ ጥሩምባ ይነፋል። ይንፋ።

ሦስተኛዋን ጎህ ሲቀድ ቀባኋት፣ ሙሉ በሙሉ፣ እስከ ጎማዋ ሽቦዎች። ከዚያ ተቀምጬ ለአቶ ክ. ጻፍኩ። አጭር ነው። ሞተሩን ያለ ዘይት ያስነሳሁት እኔ ነኝ፣ ምልክቱን ማንበብ አልቻልኩም፣ ዘበኛው ንጹሕ ናቸው፣ ቦታቸው ይመለስላቸው። የቆርቆሮ ምልክቷን ከወረቀቱ ጋር በሽቦ አሰርኳት። የዝውውር ደብዳቤውንም ከሥሩ አደረግሁ። አቶ ክ. ሁለት ሰዓት ላይ ይገባሉ፤ ከነቁልፉ ራሴ ጠረጴዛቸው ላይ አኖረዋለሁ። የሚሆነውን አውቃለሁ። ያለ ጥፋቱ ሰው እንዳባረሩ ትልቁ ሹም ቢሰሙ የሚያፍሩት እሳቸው ናቸው፤ ደሴን ዳግመኛ በእሳቸው ፊርማ አላያትም።

ለደብሪቱም ጻፍኩ። ሁሉንም። ትረዳኛለች ብዬ አይደለም። ሽማግሌዎቹ ሲሰበሰቡ ባሏ ለምን እንደቀረ ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማው ብዬ ነው። የልጃችንን አሸዋ እንደምጠርግም ነገርኳት።

ሹፌሩ መጣ፣ ፍራሹን ሊያነሳ ጎንበስ አለ። ተወው አልኩት። ለደብሪቱ የጻፍኩትን ብቻ ሰጠሁት። ታመምክ እንዴ? አለኝ። አልታመምኩም።

መኪናው ሄደ። ድምፁ በጨው ማስጫው በኩል እስኪጠፋ ቆሜ አዳመጥኩ። ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ ዘይት አለው።

ፍራሹን ፈታሁት።