ሪፈር የተጻፈለት ክሬም

ለተከበራችሁ የናሙና ምርመራ ላቦራቶሪ ኃላፊዎች፤

ከነጌሌ ቦረና የከበረ ሰላምታዬን ሳቀርብ፣ እናንተም ማሽኖቻችሁም ፍጹም ጤና ትሆኑ ዘንድ እመኛለሁ። በእኛ አገር «ናጋ?» ብሎ ሰላምታ የሰጠ ሰው ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ሳይጠይቅ አያልፍም፤ እኔ ስለ ማኅተማችሁም እጠይቃለሁ። ደህና ነው? አልደከመውም?

የምጽፍላችሁ ስለ ልጅ ልጄ ስለ መቅደላዊት፣ በቤት ስሟ ስለ ጠቁሬ ነው። ከገበያ የገዛችውን ፊት የሚያነጣ ክሬም አምስት ወር ተቀብታ ፊቷና እግሯ ሲያብጥ፣ የጤና ጣቢያችን ነርስ ደራርቱ ሁለት ናሙና አሽጋ ላከችላችሁ፤ አንዱ ክሬሙ፣ አንዱ የልጅቷ ሽንት። ያን ሁሉ አቧራ በአይሱዙ አልፈው ጠብታ ሳይፈስ እናንተ ዘንድ ደረሱ። ከዚያ በኋላ ያለው የእናንተ ጥበብ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ውጤቱ አመሰግናለሁ። የልጄ ሽንት «መዓዛው ደስ የሚል፤ ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ» ተብሎ ሲመሰገን፣ ክሬሙ «ኩላሊቷ ተጎድቷል፤ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል ትላክ» ተባለለት። የናሙናዎቹን ቁጥር ማን እንዳቀያየረው አላውቅም፤ ብልቃጥ ሪፈር ሲጻፍለት ግን በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። መቅደላዊት አልጋዋ ላይ ሆና «አባባ፣ በሉ እኔን መደርደሪያ ላይ አስቀምጡኝና እሱን አሳክሙት» ብላ ሳቀች። ስላሳቃችኋት እግዜር ይስጥልኝ፤ ከዚያ ወዲያ አልሳቀችም።

ሁለተኛ፣ ደራርቱ ብትደውልላችሁ «ማስተካከያ በደብዳቤ ይጠየቅ» በማለት ላሳያችሁት ሥርዓት አክባሪነት አመሰግናለሁ። ሆስፒታሉም በልጅቷ ስም ያልሆነ ሪፈር አልቀበልም አለ። የላክነው ደብዳቤ መልስ አሥራ አንድ ሳምንት ፈጀ፤ መቅደላዊት አምስቱን ብቻ ጠበቀች።

ሦስተኛ፣ አርባዋን ባወጣን ማግስት «የናሙናው ባለቤት መታወቂያ ይዛ በአካል ቀርባ የተስተካከለውን ውጤት ትረከብ» የሚል ወረቀታችሁ ደረሰን። ጥሪውን አክብራ ብትመጣ እኔም ደስ ባለኝ።

አራተኛውን ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም፤ ልመና ነው። የክሬሙ እውነተኛ ውጤት እስከ ዛሬ አልመጣም። ባለሱቁ «መርዝ ነው የሚል ወረቀት አምጡ» ይለኛል፤ በእጄ ያለው ወረቀት ክሬሙ ራሱ እንዲታከም የሚያዝ ነው። የመቅደላዊት ጓደኛ ሳዲያ በመጪው ወር ትዳራለች፤ ያንኑ ዓይነት ብልቃጥ ገዝታለች። እንዳትቀባው ብለምናት «አባባ፣ እሷን ኩላሊቷ ነው የገደላት፤ ክሬሙ ምን አደረገ?» አለችኝ። እኔን ማን ያምናል? የምታምነው ማኅተማችሁን ነው። እባካችሁ፣ ከሠርጉ በፊት።

ለቁጥር ለጣፊዎቻችሁ ጥሩ መነጽር፣ ለደብዳቤዎቻችሁ ፈጣን እግር እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳችሁ፣

ገብረወልድ
የክሬሙ አስታማሚ

ማሳሰቢያ፦ ከናሙናው ጋር ተልኮ ተመልሶ በመጣው ቅጻችሁ ላይ «ምርቱን የተጠቀመችበት ምክንያት» የሚል ባዶ መስመር አለ። እሷ አልሞላችውም፤ እኔ ሞልቼዋለሁ፦ «ጠቁሬ የሚለውን ስም በቀልድ ያወጣላት አያቷ ነው።» የእኔን ጥፋት ያለ ማሽን አገኘሁት፤ ፈረምኩበትም። ከሥሩ ያለው የመርማሪው ፊርማ ቦታ ግን አሁንም ባዶ ነው።