በሕሊና ጸሎት ከተሸኘ አጥቂ፣ ለቡድን መሪው

ለክቡር ኦቦ ኢዶሳ
የእግር ኳስ ክለባችን ቡድን መሪ
አምቦ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና የክቡር ትሪቡን ወንበርዎ እንደምን ሰንብተዋል? ባለፈው ጥቅምት ከጨዋታ በፊት በሕሊና ጸሎት ያሰቡኝ የክለብዎ የቀድሞ ዘጠኝ ቁጥር ቶኩማ ሂርጳ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህ የዝግጅቱን ድምቀት የሚቀንስ ከሆነ በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ብዕር ካነሳሁ አይቀር ውለታዎን ልዘርዝር።

፩ኛ. በ1992 ዓ.ም. ከትውልድ ቀዬዬ ከጎጆ ከተማ፣ ከድንች ማሳ አንስተው መለያ ስላለበሱኝ አመሰግናለሁ። ጎል ባገባሁ ቁጥር የአምቦ ሰው ከሜዳ እስከ መናኸሪያ በትከሻው ይሸከመኝ ነበር፤ እርስዎም «ልጄ» ይሉኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

፪ኛ. ያበጠ ጉልበቴን በመርፌ አደንዝዘው ስላጫወቱኝ አመሰግናለሁ። የቀረውን ጅማት የበጠሰው ያ ጨዋታ ነው። ያገኘነው ዋንጫ ዛሬም ቢሮዎ ውስጥ በክብር ተቀምጧል።

፫ኛ. ክለብዎ ተጫዋች ሲያሰናብት ክፉ ቃል አይወጣውም። ጠዋት አውቶቡሱ በር ላይ ስም ሲጠራ ያንን ሰው ይዘለዋል፣ በሩ ይዘጋል፣ በቃ። እኔም ቦርሳዬን አንግቼ እንደቆምኩ አውቶቡሱ ወደ ጊንጪ ሲያቀና አየሁት። ከዚያ ወዲህ የት እንደወደቅሁ የጠየቀ ስላልነበረ፣ በጎጆ መንገድ መኪና ተገልብጦ ቶኩማ የሚባል ሰው ሞተ ሲባል እኔ ነኝ ብሎ ለመደምደም ምንም አልተቸገራችሁም።

፬ኛ. የሕሊና ጸሎቱ ዕለት ከተመልካቹ መካከል ነበርኩ። ስሜ በድምፅ ማጉያ ሲነሳ፣ ክለቡ ከተወኝ ወዲህ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ስለሆነ፣ አቤት ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ሰው ሲነሳ ተነሳሁ፤ ሰው አንገቱን ሲደፋ እኔም ለራሴ ደፋሁ። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ፊቴን አየና ቀስ ብሎ ፈቀቅ አለ። በእርግጥ ለሞተው ለሞክሼዬ፣ ለዚያ የጭነት መኪና ረዳት ግን የቆመለት የለም፤ ጸሎቱን የቀማሁት እየመሰለኝ እሳቀቃለሁ።

፭ኛ. ወሬው ከእኔ ቀድሞ ጎጆ ገባ። ስደርስ ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተጥሎ፣ እናቴ ወይዘሮ ባየሽ ጥቁር ለብሳ ታለቅስ ነበር። ለቀስተኛው ሲሸሽ እሷ አልሸሸችም፤ ፊቴን በሁለት እጇ ዳሰሰችው። ጥቁሩን ግን እስከ ዛሬ አላወለቀችም። «ሞተ ያለው አፍ፣ እዚያው ቆሞ ‹ቶኩማ አለ› እስኪል ድረስ አላወልቅም» ትላለች። ምግብ ስታቀርብልኝ ጎርሼ እስክውጥ ዓይኗን ከእኔ ላይ አትነቅልም። እኔም መፍራት ጀምሬያለሁ፤ መንገድ ላይ ሰላምታዬን ያልመለሰልኝ ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር ደረቴን እዳስሳለሁ።

ስለዚህም ቢሮዎ ተመላልሼ፣ በዚያው ድምፅ ማጉያ «ቶኩማ አለ» እንዲባልልኝ ብቻ ለመንኩ። እርስዎም በክብር እንግዶች ፊት የተነገረን ማስተባበል የክለቡን ስም እንደሚያጎድፍ በትዕግሥት አስረድተው ሸኙኝ። ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ።

መለያዎን ለብሶ የሮጠ፣ በቃልዎ ያረፈ፣ ዳግመኛ እስኪያስነሡት በአክብሮት የሚጠባበቅ፣

ቶኩማ ሂርጳ
ጎጆ፣ ጥር 1999 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ መኖሬን መናገር የማይመች ከሆነ፣ እባክዎ የጀመሩትን ይጨርሱልን። እናቴ መቃብሬን ማየት ትፈልጋለች፤ ቦታውን ይጠቁሙን። መንገዱ ለብቻዋ ስለሚከብዳት ይዣት የምመጣው እኔ ነኝ።